ጤና ኬላው ለምን ዝግ ሆነ? ከሲዳማ ገጠር የሚነሳው ጥያቄና ከጀርባው ያለው ነገር

ሀዋሳ ውስጥ ስለ ገጠር ሕክምና ወሬ ሲነሳ ክርክሩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል። አንዱ፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተሠርቶ ሳለ ሰው ለትንሽ ትልቁ ከተማ ድረስ ለምን ይመጣል ብሎ ይጠይቃል። ሌላው፣ ኬላውማ ሁሌ ዝግ ነው ብሎ ይመልሳል። የአሜሪካ መንግሥት በጥር 2025 እ.ኤ.አ. የውጭ ዕርዳታውን ካገደ ወዲህ ደግሞ ሦስተኛ ወሬ ተጨምሯል። ብሩ ስለቆመ የገጠር ጤና አበቃለት የሚል።

በሦስቱም ውስጥ እውነት አለ። ሦስቱም ግን ስለ ጤና ኬላ ሥራ ከተዛባ ግምት ነው የሚነሱት። ኬላው ትንሽ ክሊኒክ ነው ካልን መዘጋቱ ስንፍና ይመስለናል። የዕርዳታ ድርጅት ቅርንጫፍ ነው ካልን ደግሞ ዕርዳታው ሲቆም አብሮ የሚዘጋ ይመስለናል። ሁለቱንም አይደለም። የኬላው አቅም የሚለካው በግድግዳው ወይም እዚያ በምትሠራው ባለሙያ ትጋት ብቻ ሳይሆን ከኋላዋ በሚደርስላት ነገር ነው። መድኃኒቱ፣ አምቡላንሱ፣ የሚያግዛት ሰው፣ የሚተርፋት ሰዓት። መንግሥት ኬላዎቹን ወደ ከፍተኛ ደረጃ ለማሳደግ በጀመረበት በአሁኑ ጊዜ ይህን በቅጡ መረዳት ያስፈልጋል።

ኬላ፣ ጣቢያ፣ ሆስፒታል

ጤና ኬላና ጤና ጣቢያ በአነጋገር ይምታታሉ። ጤና ኬላ የቀበሌ ነው። በአማካይ 5,000 ለሚሆን ሕዝብ ታስቦ የተሠራ ጥቂት ክፍሎች ያሉት ቤት ነው። ሐኪም የለውም። በተለመደው አሠራር ያሉት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ናቸው። ጤና ጣቢያ ከፍ ይላል። ጤና መኮንን፣ ነርስ፣ አዋላጅና ላቦራቶሪ አለው። በገጠር እስከ 25,000 ሕዝብ ያገለግላል። አምስት የሚሆኑ ኬላዎችም በሥሩ ናቸው። ከዚያ በላይ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም እንደ ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲው ያለ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይመጣል።

ሕመምተኛው ከታች ወደ ላይ እየተላለፈ እንዲሄድ ነው የታሰበው። ሪፈር የምንለው ይኸው ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ አርሶ አደርም ይህን መስመር እንዲከተል ይጠበቅበታል። ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ከሄደ ወጪው ወይም ከፊሉ ወደ ራሱ ኪስ ይመለሳል። እንደዚያም ሆኖ እንደ አሮሬሳና ጭሬ ካሉ ራቅ ያሉ የሲዳማ ወረዳዎች ተነስቶ፣ የቅርቡን ሁሉ አልፎ ሀዋሳ የሚገባ ሰው አይጠፋም። ድሃ ገበሬ ለትራንስፖርትና ለማደሪያ ገንዘብ የሚያወጣው ስለተትረፈረፈው አይደለም። የቅርቡን ስላላመነው ነው። ይህ አለመተማመን ከየት መጣ የሚለው ነው እንግዲህ ዋናው ጥያቄ።

ሥራው እንዴት እያደገ መጣ

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊትም ሙከራ ነበር። የዓለም አገሮች በ1978 እ.ኤ.አ. አልማ አታ ላይ ተሰብስበው የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ለሁሉም ይዳረስ ካሉ በኋላ፣ በደርግ ዘመን የኅብረተሰብ ጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች በየገጠሩ ሠልጥነው ነበር። ቋሚ ደመወዝ ግን አልነበራቸውም። የሚደግፋቸው ሲዳከም እነሱም ወደ እርሻቸው ተመለሱ።

አዲሱ ፕሮግራም ከዚህ የተማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሠራተኞቹን በመንግሥት ደመወዝ ቀጠረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ፣ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገሩ ወጣት ሴቶች ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ። በአርብቶ አደር አካባቢዎች ወንዶችም ተካተዋል። በሌሎች ብዙ አገሮች የዚህ ዓይነት ሠራተኞች በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ወይም እንደ ሕንድ በሠሩት ሥራ ልክ ጉርሻ ይቆረጥላቸዋል። በኢትዮጵያ ዛሬ ከ17,000 በላይ ጤና ኬላዎችና ወደ 40,000 የሚጠጉ ባለሙያዎች እንዳሉ ይነገራል። ይህን ያህል ሠራተኛ በደመወዝ በየቀበሌው ማስቀመጥ ድሃ ለሆነ አገር ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ሊመሰገን ይገባዋል።

ሐሳቡ የተቀዳው ከግብርና ኤክስቴንሽን ነው። የግብርና ባለሙያው ለገበሬው ማዳበሪያ አጠቃቀም እንደሚያሳይ ሁሉ፣ የጤና ባለሙያዋም መጸዳጃ ቤት አቆፋፈር፣ እጅ መታጠብ፣ የአጎበር አሰቃቀል፣ የሕፃን አመጋገብ ታሳያለች። 16 ርዕሶች ነበሩት፤ ፓኬጅ ይባሉ ነበር። ትምህርቱን ጨርሶ በተግባር ያሳየ ቤተሰብ ሞዴል ቤተሰብ ተብሎ ይመረቃል። ከመነሻው ሥራው ሕመም እንዳይመጣ መከላከል ነበር። ማከም የነበረው በጣም በጥቂቱ ነው።

ከዚያ ሥራው እያደገ መጣ። በ2010 እ.ኤ.አ. ባለሙያዎቹ የሕፃናትን የሳንባ ምች በአንቲባዮቲክ እንዲያክሙ ተፈቀደ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። የሳንባ ምች ዋና ከሚባሉት የሕፃናት ገዳዮች አንዱ ነው። ጤና ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት ቦታ ደግሞ መድኃኒቱ ቀበሌ ውስጥ መገኘቱ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

አሠራሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይጠቅማል። እናት ሳል የያዘው ልጇን ይዛ ትመጣለች። ባለሙያዋ መጀመሪያ የምትጠይቀው አደገኛ ምልክቶችን ነው። ይጠባል ወይ፣ የዋጠውን ሁሉ ያስመልሰዋል ወይ፣ አንቀጥቅጦታል ወይ፣ ራሱን ስቷል ወይ። አንዱ ካለ በአስቸኳይ ሪፈር ነው። ከሌለ ልጁ ሳያለቅስ፣ ልብሱ ወደ ላይ ተገልጦ፣ ትንፋሹ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ፈጣን ነው ይባላል። አሞክሳሲሊን ይሰጠዋል። የመጀመሪያውን ዶዝ እናትየው ባለሙያዋ እያየቻት እዚያው ትሰጠዋለች። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሳ እንድትመጣ ይነገራታል። በአጭሩ፣ ስቴቶስኮፕም ራጅም ሳይኖር በሰዓትና በዓይን የሚሠራ ሕክምና ነው። በትክክል ከተሠራ ያድናል። ለመሥራት ግን ጊዜ፣ ተረጋግቶ የሚቆይ ልጅና መደርደሪያ ላይ ያለ መድኃኒት ያስፈልጋል።

ሌላውም ተከታትሎ መጣ። ባለሙያዎቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ኢምፕላኖን የሚባለውን፣ በክንድ ቆዳ ሥር ገብቶ ለ3 ዓመት የሚያገለግለውን የወሊድ መቆጣጠሪያ ማስገባት ጀመሩ። ማውጣት ግን መጀመሪያ ላይ ለነሱ አልተፈቀደም ነበር። የፈለገችው ሴት ቀበሌዋ ላይ ታስገባለች፣ ለማውጣት ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። በዚህ መሃል ማውጣት አይቻልም የሚል ወሬ በየመንደሩ ቢሰማ ምን ይገርማል? አገልግሎት በግማሽ ወደ ቀበሌ ሲወርድ የሚፈጥረው ችግር ይህን ይመስላል።

በዚህ ላይ የአራስ ሕፃናት ክትትል፣ የምግብ እጥረት ልየታ፣ የቲቢ ተጠርጣሪ ልየታ፣ የደም ግፊት ልኬት፣ የየቤተሰቡን ማኅደር መሙላት፣ በታብሌት መመዝገብ፣ ለጤና መድን አባል ማሰባሰብ፣ ዘመቻ በመጣ ቁጥር ዘመቻ። ቀበሌው ስብሰባ ሲጠራም የምትታዘዘው እሷው ናት። የተጨመረላት ብዙ ነው። የተቀነሰላት የለም ማለት ይቻላል።

ይህን ጫና ያቃልላል ተብሎ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ የሴቶች ልማት ሠራዊት ተደራጀ። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት ነው። አንዲት ሞዴል እናት አምስት ጎረቤቶቿን ታስተምራለች ነው ሐሳቡ። በአንዳንድ ቦታ ሠርቷል። ነፍሰ ጡሮችን ለይቶ ለባለሙያዋ በመንገር ብዙ እናቶች ቀድመው ጤና ጣቢያ እንዲደርሱ አድርጓል። ግን ሥራው ክፍያ የለውም። ውኃ ቀድታ፣ እንሰት ፍቃ፣ ገበያ ወጥታ የምትኖር ሴት በነፃ ተጨማሪ ሥራ ውሰጂ ስትባል እስከ መቼ ትቀጥላለች? አደረጃጀቱ ከፖለቲካ መዋቅር ጋር መነካካቱም ጎድቶታል። መዋቅሩ ሲላላ እሱም አብሮ ላላ። ይህ የደርግ ዘመኑን በጎ ፈቃደኛ ታሪክ የሚያስታውስ ነው።

ታዲያ በሩ ለምን ይዘጋል?

አሁን ወደ ዝጉ በር እንመለስ። ፕሮግራሙ ሲነደፍ ባለሙያዎቹ ከሥራ ሰዓታቸው ሦስት አራተኛውን ቤት ለቤት እየዞሩ እንዲያሳልፉ ነበር የታቀደው። ይህ ማለት ኬላው ብዙ ሰዓት ዝግ መሆኑ ጥፋት ሳይሆን ዕቅድ ነበር ማለት ነው። ለማስተማር የተቀጠረች ሴት ቁጭ ብላ ሰው አትጠብቅም።

ችግሩ የመጣው ሕክምናው ሲጨመር ነው። የሳንባ ምች የያዘው ልጅ የጉብኝት ቀን አይጠብቅም። የታመመ ሰው በሩን ክፍት ማግኘት ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ መገኘት ይጠበቅባቸዋል። አንዷ ኬላ ትቀመጥ፣ አንዷ ትዙር ይባላል። በወረቀት ላይ ይሠራል። አንዷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ፣ ለሥልጠና ስትጠራ፣ ወረዳ ሪፖርት ልታስገባ ስትሄድ ግን የቀረችው አንድ ሰው ብቻ ናት። ሁላ ወይም አርቤጎና ባሉ ደጋማ ወረዳዎች ደግሞ ቤቶቹ በየተራራው ተበታትነዋል። በክረምት መንገዱ ጭቃ ነው። ጥቂት ቤቶችን ጎብኝቶ መመለስ ቀኑን ሙሉ ይበላል።

ከእናትየው ወገን ሆነን እንየው። ልጇን አዝላ ሄዳ በሩን ዝግ አገኘችው። ሌላ ቀን ሄደች፣ አሁንም ዝግ። ሦስተኛ አትሄድም። በቀጥታ ወደ ከተማ መድኃኒት መደብር ነው። ካልሆነም መንደር ውስጥ መርፌ ወደሚወጋው ሰው። በኦሮሚያ ጅማና ምዕራብ ሐረርጌ ዞኖች የተካሄደ ሰፊ ጥናት ይህንኑ በሌላ መልክ አሳይቷል። ባለሙያዎቹ ሠልጥነው የሕክምናው ጥራት ጥሩ ነበር። ወደ ኬላው የሚመጡት የታመሙ ሕፃናት ግን ጥቂት ስለነበሩ በሕፃናት ሞት ላይ ግልጽ ልዩነት ሊታይ አልቻለም። አገልግሎቱ መኖሩና ሰው መጠቀሙ ለየቅል ናቸው። ሰነፎች ስለሆኑ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው። ሒሳቡን ለሠራ ሰው ግን አያስኬድም።

አንዲት የኩፍኝ ክትባት ብልቃጥ

ይህ ሁሉ እንዴት እንደሚያያዝ ከክትባት የተሻለ ማሳያ የለም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ብዙ ኬላዎች ግን መብራትም ማቀዝቀዣም የላቸውም። ስለዚህ የክትባት ቀን ሲደርስ ባለሙያዋ ወይም የላከችው ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን በበረዶ በተሞላ መያዣ ይዞ ይመጣል። በእግር፣ በሞተር፣ ከተገኘ በባጃጅ። በረዶው ሳይሟሟ ሥራው ማለቅ አለበት።

የኩፍኝ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ለ10 ሕፃናት በሚሆን ብልቃጥ ነው የሚመጣው። ዱቄት ነው፤ በፈሳሽ ይበጠበጣል። አንዴ ከተበጠበጠ በ6 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። አሁን አስቡት። ጠዋት ላይ ሦስት እናቶች ብቻ መጡ። ብልቃጡ ይከፈት? መመሪያው ለአንድ ሕፃንም ቢሆን ክፈቺ ነው የሚለው። ለምን ቢባል፣ የተጣለ ክትባት ከታመመ ልጅ ይረክሳል። ባለሙያዋ ግን ሌላም ነገር ታስባለች። የባከነ ክትባት ሪፖርት ላይ ይታያል። የሚቀጥለው ወር አቅርቦትም ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ይባላል። ከሦስቱ አንዷ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ነው የመጣችው። አትመለስም። የመጀመሪያው የኩፍኝ ክትባት በ9 ወር፣ ሁለተኛው በ15 ወር ነው። በየዙሩ ጥቂት ጥቂት ሕፃናት ሲቀሩ፣ ዓመታት ሲደራረቡ፣ አንድ ቀን ወረርሽኝ ይነሳል። በዚያን ጊዜ ኅብረተሰቡ ስለማያስከትብ ነው ይባላል።

እዚህ ላይ እናትየውም ባለሙያዋም አላጠፉም። ሁለቱም ባሉበት ሁኔታ ትክክል የመሰላቸውን ነው ያደረጉት። የጎደለው ክትባቱ ቢባክን እንኳ ሌላ እንደሚመጣ የሚያረጋግጥ አቅርቦት ነው።

የውጭ ገንዘብ ሲቆም የሚቆመው ምንድን ነው?

ብሩ ቆመ፣ የገጠር ጤና አበቃለት የሚለውን ወሬ እዚህ ላይ ማጥራት ይቻላል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደመወዝ ከመንግሥት በጀት በወረዳ በኩል ነው የሚከፈለው። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ጤና ሚኒስቴር ውላቸውን ያቋረጠው 5,000 የሚሆኑ ሠራተኞች በአሜሪካ ገንዘብ በኮንትራት የተቀጠሩ ነበሩ። በተለይ ኤችአይቪ ላይ ይሠሩ የነበሩ ናቸው። የቀበሌዋ ባለሙያ ከነሱ ውስጥ አይደለችም። ስለዚህ ዕርዳታው ሲቆም እሷ ቤቷ አትሄድም።

የምትይዘው ነገር ግን ይነካል። የክትባቱ ከፊል ወጪ ጋቪ በተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት፣ የወባ መድኃኒቱ፣ መመርመሪያውና አጎበሩ በአብዛኛው ግሎባል ፈንድ በተባለው ኤድስን፣ ቲቢንና ወባን ለመዋጋት በቆመው ዓለም አቀፍ ድርጅትና በአሜሪካ የወባ ፕሮግራም፣ የሥልጠናውና የክትትሉም ወጪ ብዙውን ጊዜ በዕርዳታ ነበር የሚሸፈነው። የመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት ሀዋሳ ቅርንጫፍ አለው። ዕቃው ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ኬላ ይወርዳል። ከላይ ትንሽ ሲጓደል ታች ሲደርስ ባዶ ይሆናል። ጤና ጣቢያው ራሱ ካልበቃው ለኬላ አያካፍልም፤ ለራሱ ሕመምተኛ ያስቀራል። መጨረሻ ላይ ያለው ሁሌም መጀመሪያ ይጎዳል።

ስለዚህ የሚጠበቀው አደጋ ኬላው መዘጋቱ አይደለም። ክፍት ሆኖ ባዶ መሆኑ ነው። ይህ ከዝግ በር የከፋ ነው ብል አላጋነንኩም። በሩ ዝግ ከሆነ ሰው ነገ እመለሳለሁ ይላል። ገብቶ፣ ተመርምሮ፣ የወባ ውጤቱ ታይቶ መድኃኒት የለም ከተባለ ግን ባለሙያዋ ራሷ ትናቃለች። ለዓመታት በቤት ለቤት ጉብኝት የተገነባው አመኔታ በአንድ የወባ ወቅት ሊሟጠጥ ይችላል።

በሌላ ወገን የሚከራከሩም አሉ። የውጭ ጥገኝነቱ ማብቃት የነበረበት ነው፣ መንግሥት ከራሱ በጀት እንዲመድብ ያስገድዳል ይላሉ። የረጅም ጊዜውን ካየን ትክክል ናቸው። የወባ ጥገኛ ግን የበጀት ማስተካከያ አይጠብቅም። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ ከጥር እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግበዋል። ይህ የሆነው ዕርዳታው ከመታገዱ በፊት ነው። ሽግግሩ ደረጃ በደረጃ ይሁን ማለትና ጥገኛ ሆነን እንቅር ማለት አንድ አይደሉም።

የተሳካውና የቆመው

ፕሮግራሙ ምን አመጣ የሚለው ላይ ቁጥሮቹ ይናገራሉ። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በ2000 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. ይህ ወደ 67 ወርዷል። ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያን ጨምሮ የእርግዝና መከላከያ የሚጠቀሙ ያገቡ ሴቶች በዚያው ጊዜ ከ8 በመቶ ወደ 36 በመቶ አድገዋል። ሁሉም የኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥራ ብቻ ነው ማለት አይቻልም። መንገድ፣ ትምህርት፣ ገቢም አለበት። የነሱን ድርሻ መካድ ግን ግፍ ነው።

የቆመው ሌላ ነው። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በ2016 እ.ኤ.አ. ከ1,000 ውስጥ 29 ነበሩ። በ2019 እ.ኤ.አ. 33 ሆኑ። ልዩነቱ ከጥናቱ የስህተት ወሰን አይወጣም፤ ጨመረ ብሎ መደምደም አይገባም። መውረዱ መቆሙን ግን ያሳያል። ምክንያቱ ብዙም አያከራክርም። ተቅማጥን በኦ.አር.ኤስ. እና በዚንክ፣ ወባን በኮአርተም፣ የሳንባ ምችን በአሞክሳሲሊን ቀበሌ ላይ ማከም ይቻላል። ታፍኖ የተወለደ ወይም ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን የሠለጠነ አዋላጅ፣ ኦክስጅን፣ መብራት፣ ፈጥኖ የሚደርስ አምቡላንስ ይፈልጋል። ምጥ የጠናባት እናት በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ወርዳ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም ወይም ጋራዥ ገብቷል ከተባለ፣ የቀበሌዋ ባለሙያ የምታደርገው ነገር የለም። የእናቶች ማቆያ የተባሉት ቤቶች ለዚህ ነው የሚጠቅሙት። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያው ግቢ መጥታ ትቆያለች፣ ገንፎው እዚያው ይገነፋል፣ ቡናው ይፈላል። ይህ የሠራው ምግቡን ኅብረተሰቡ ራሱ በሚያዋጣባቸው ቦታዎች ነው።

ኬላውን ማሳደግ፦ ይበጃል ወይስ አይበጅም?

መንግሥት ከ2020 እስከ 2035 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ፍኖተ ካርታ አውጥቷል። በዚህ መሠረት ኬላዎች ሁሉ አንድ ዓይነት አይሆኑም። ከጤና ጣቢያ የራቁት ሁለገብ ጤና ኬላ ይሆናሉ፤ አዋላጅና ነርስ ይመደብላቸዋል፣ ወሊድም ያስተናግዳሉ። ሌሎቹ መሠረታዊ ኬላ ሆነው ይቀጥላሉ። ጤና ጣቢያ አጠገብ ያሉት ደግሞ ከጤና ጣቢያው ጋር ይዋሃዳሉ።

ሐሳቡን የሚደግፉ ጠንካራ ክርክር አላቸው። የሕዝቡ ፍላጎት ተለውጧል። የዛሬ ሃያ ዓመት መጸዳጃ ቤት ቆፍሩ ሲባል የሰማ ገበሬ ዛሬ ቆፍሯል። አሁን የሚፈልገው የደም ግፊቱን የሚከታተልለት፣ ሚስቱን የሚያዋልድለት ሰው ነው። ያንኑ ትምህርት ደጋግሞ ይዞ ቤቱ መሄድ ያሰለቸዋል። ሁለገብ ኬላ ሩቅ ላለው ሰው ፍትሕ ነው።

የሚጠራጠሩትም ዝም ብለው አይደለም። ሕክምና መከላከልን ይበላል ይላሉ። ነርስ የተመደበበት ኬላ ሰው ተራ ይዞ የሚሰለፍበት ይሆናል፤ ቤት ለቤት የሚዞረው ሥራ ማንም የማይቆጥረው ይሆናል። ደግሞስ ነርሷና አዋላጇ ይቆያሉ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። ከተማ ላይ ያለው ባለሙያ ኑሮ ከከበደው፣ መብራትና የመኖሪያ ቤት በሌለበት ቀበሌ አዋላጅ ማቆየት ምን ያህል እንደሚከብድ ለመገመት አያስቸግርም።

የብራዚል ልምድ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እዚያ ቤት ለቤት የምትዞረው ሠራተኛ ለብቻዋ አይደለችም። ሐኪምና ነርስ ያሉበት የአንድ ቡድን አባል ናት። ሕክምናውና ጉብኝቱ ለተለያዩ ሰዎች ተከፍሏል፣ ተጠያቂነቱ ግን አንድ ነው። የኛም ፍኖተ ካርታ ወደዚህ ካመራ ይበጃል ባይ ነኝ። አዋላጅ መድቦ የኤክስቴንሽን ባለሙያዋን የዙር ሰዓት ካስከበረ ማለቴ ነው። አዲስ ታፔላ ለጥፎ ያንኑ ሁለት ሰው ከተወ ግን ሥራውን ጨመረ እንጂ ኬላውን አላሳደገም።

ደጋና ቆላ አንድ አይደሉም

ሲዳማ ራሷን የቻለች ክልል ከሆነች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የጤና ዕቅዱ በአብዛኛው ሀዋሳ ላይ ነው የሚወሰነው። ይህ ዕድል ነው። ከሀዋሳ ሆኖ ሁለቱን የክልሉን ጠርዞች ማየት ይቻላል። በምሥራቅ በኩል ያሉት ብርዳማ ደጋዎች ዋና ችግራቸው መንገድና ርቀት ነው። ለነሱ ሁለገብ ኬላ፣ የእናቶች ማቆያና የሚንቀሳቀስ አምቡላንስ ይቀድማል። በምዕራብ በኩል ያሉት እንደ ሎካ አባያና ብላቴ ዙሪያ ያሉ ቆላማ አካባቢዎች ችግራቸው ወባና ውኃ ነው። እዚያ ከአዋላጅ በፊት የወባ መመርመሪያና ኮአርተም ሳይቋረጥ መገኘቱ ሕይወት ያድናል። በጣት ደም 15 ደቂቃ አካባቢ ጠብቆ ውጤት የሚሰጥ መመርመሪያ ነው። ሕክምናው የ3 ቀን ኪኒን ነው። ውስብስብ የሆነ ነገር የለውም። መገኘት ብቻ ነው ያለበት።

ለሁሉም ወረዳ አንድ ዓይነት ማሻሻያ ማውረድ ለቢሮ ሥራ ይመቻል። ቆላውን ግን ይጎዳል። የጊዜ አቆጣጠሩም ሌላ ጣጣ አለው። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። በጀቱ ጸድቆ፣ ተለቆ፣ ግዢ ተፈጽሞ ዕቃው ኬላ እስኪደርስ ወራት ይሄዳሉ። ዋናው የወባ ወቅት ደግሞ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከመስከረም ጀምሮ ነው። ስለዚህ ለመስከረም የሚሆነው መድኃኒት ካለፈው ዓመት በጀት፣ ከሰኔ 30 በፊት ተገዝቶ መቀመጥ አለበት። የወረዳ ምክር ቤቶች በሰኔ ወር የጤና ጽሕፈት ቤቶቻቸውን ስንት ኬላ ተመረቀ ብለው ብቻ ከሚጠይቁ፣ እያንዳንዱ የቆላ ኬላ ለመስከረም የሚሆን መመርመሪያና መድኃኒት በእጁ አለው ወይ፣ ካለፈው ዓመት ውስጥስ ስንት ቀን ያለ መድኃኒት ቆየ ብለው ቢጠይቁ መልሱን ከመዝገብ ማግኘት ይቻላል። የመድኃኒት ወጪና ገቢ መቆጣጠሪያ ካርድ በየኬላው አለ። ባለሙያዋ በየወሩ ትሞላዋለች።